የተተበተበው ቀይ ክር

ሠርካዲስ ባልደረባዋን ጸሐይን ባየች ቁጥር አንጀቷ እርር ይላል። ምን ታድርግ! ሁለቱም ቁስቋም ግርጌ ባለው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራሉ፤ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የሚላከው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷ የጠመኔ አቧራ ስትቅም ስንት ዘመኗ፣ ይቺ የትናንት ልጅ መጥታ ትቅደማት? በቁሜማ አይሆንም!

ተቆጣጣሪው ሁለቱም ሲያስተምሩ አይቶ ሊመርጥ መጥቷል። ጠዋት ሠርካዲስ ስለ ሴል ስታስተምር አንድ ቃል አልሳተችም፤ ተማሪው ግን ያዛጋ ነበር። የከሰዓቱ ተራ የጸሐይ ነው። እሷ ደግሞ ከሸማኔ ጎረቤቷ ከአቶ ቱሉ ቀይ የጥለት ክር ለምና፣ በሸንበቆ ቁራጮች ላይ አሳምራ ጠቅልላ፣ ሁለት ካርቶን ሞልታ አምጥታለች።

በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ነበር። ሠርካዲስ ገባች። የአንዱን ካርቶን ክር ከሸንበቆው እየፈታች ተበተበችው። ወደ ሁለተኛው እጇን ስትሰድ ደወል ተደወለ፤ እየተጣደፈች ወጣች።

ጸሐይ ካርቶኑን ስትከፍት ክው አለች። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሠርካዲስ ሆዷ ቅቤ ጠጣ።

ግን ይቺ ጸሐይ! ክፍሉን እስከ ኋላ ወንበር ቃኘችና ትብትቡን ክር ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ልጆች፣ የአንድ ሴል ዲ.ኤን.ኤ. ቢዘረጋ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ሴሉ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ጥንዱ ክር ይላቀቅና እያንዳንዱ አምሳያውን ይሠራል። ከዚያ ቅጂዎቹ ለየብቻ መሄድ አለባቸው። የሚጠቀለሉበት ፕሮቲን ባይኖር ግን ይህን ነበር የሚመስሉት። እስቲ ና ሸፊ፣ ለሁለት ክፈለው!»

ሸፊ ጎተተ፤ ክሩ ተበጠሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁለተኛው ካርቶን የወጣው ግን በየሸንበቆው እንደተጠቀለለ፣ አንዱ ቅጂ ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ፣ ያለ ችግር ተካፈለ። የሚያዛጋ አልነበረም።

«ጀርመንማ የአንቺ ነው፣ ጓድ ጸሐይ!» አለ ተቆጣጣሪው። «ግን ያን የተተበተበ ክር እንዴት አሰብሽው?»

«ጓድ ሠርካዲስ ናት። በምሳ ሰዓት አዘጋጀችልኝ።»

ተማሪው በጭብጨባ ክፍሉን አናጋው። ሠርካዲስ ሳትወድ ተነሥታ ቆመች። ጸሐይ ጠጋ አለችና ከሠርካዲስ ሹራብ እጅጌ ላይ የተንጠለጠለች ቀይ ክር በሁለት ጣቷ አንሥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

«ይቺ ቀርታብሽ ነው» አለቻት በለሆሳስ።

ምነው በሰው ፊት በሰደበችኝ! አለች ሠርካዲስ በሆዷ። ተማሪው ግን ማጨብጨቡን አላቆመም።