ሁለተኛው ፊርማ

«ያቺን ወረቀት ወደ ላይ የላካትን ሰው» አሉ ሞተሬ፣ «እጁን ይቁረጠው።»

ለቀስተኛው ሁሉ አሜን አለ። የሟቹ ባለቤትም አሜን አሉ። ልጃቸው ሻይ ልትቀዳ እንዳጎነበሰች ቀረች። ይቆረጥ የተባለው እጅ ማንቆርቆሪያውን ይዟል።

ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሞተሬ ሟቹ ይሠሩበት በነበረው ማተሚያ ቤት የኅትመቱን መኪና የሚያንቀሳቅሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ስሙንም ያወጣላቸው መኪናው ነው። ሟቹ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጹን የሚደረድሩ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ ልጅቷ እዚያው አራሚ ናት። ሥራው የራሱ ወግ አለው። አራሚዋ ስህተቱን በቀይ ታሰምራለች፤ ለቃሚው አስተካክሎ ከጎኑ ይፈርማል፤ እሷም መስተካከሉን በዓይኗ አይታ ከሥር ትፈርማለች። ሁለቱ ፊርማ ካልተሟላ ሞተሬ መኪናቸውን አያስነሱም።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ዕለት፣ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና ዘውዱ ቀረ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፤ በሕገ መንግሥት ተወስነው ስንት ዘመን በሰላም ከኖሩት ነገሥታት የመጨረሻው ሻንጣቸውን አስጭነው ወጡ። ጠቡ የገባው በየቤቱ ነው። እሑድ ምሳ ላይ አባቷ ፈገግ ብለው፣ «ንጉሡ ምን በደሉሽ፣ ልጄ?» አሏት።

«አንተን ዕድሜ ልክህን አጎንብሰህ እንድትኖር አደረጉህ» አለቻቸው።

ፈገግታቸው ጠፋ። ማንኪያቸውን አስቀምጠው ከገበታው ተነሡ።

ሰኞ የሪፐብሊኩ የመጀመሪያ ጋዜጣ ተለቀመ። አናቱ ላይ «በሕዝብ ስም» መባል ነበረበት። አባቷ ግን «በንጉሡ ስም» የሚለውን መስመር፣ በየጊዜው ከመልቀም ይሻላል ብለው፣ በክር አስረው መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚያኖሩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመደ እጅ ያን ቀንም ሄዶ አነሣው። ልጅቷ አየችው። ሌላ ቀን ቢሆን ወርዳ፣ «አባዬ፣ እጅህ ሸወደህ» ብላቸው ይሳሳቁ ነበር። ያን ቀን እልህ ይዟታል። በቀይ አሰመረችና ወረቀቱን ለአለቃው ላከችው። ተግሣጽ ቢቀምሱ ብላ ነው እንጂ ሌላ አላሰበችም። አለቃው ገና መሾሙ ነው፤ የገዛ ጥላውን ይፈራል። «ሴራ ነው!» ብሎ አረፈው። ወረቀቱን ፊታቸው ወርውሮ፣ ለሠላሳ ስምንት ዓመት መሰናበቻ አንድ ሰዓት ሰጣቸው።

ማን እንደላከው አባቷ አልጠየቋትም። እሷም ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ሃያ ቀን አለፈ። በሃያ አንደኛው ቀን ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀሩ።

እናቷ የሟቹን ካፖርት ታቅፈው ነው የተቀመጡት። አሁን ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«እኔ ማንበብ አላውቅ፤ ምንድነው የሚለው?»

ዘረጋችው። ያው የራሷ ቀይ መስመር ነው። ከጎኑ ግን በእርሳስ የአባቷ ፊርማ አለ። ሌባ ጣቷን ይዘው እርማት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ መስመሯ እንዴት ይጥፋቸው? ሃያ ቀን አውቀው ኖረዋል። ሃያ ቀን ጠዋት ጠዋት፣ «ደርበሽ ውጪ፣ ብርድ ነው» እያሉ ሸኝተዋታል።

«ቀዩ የማነው?» አሉ እናቷ።

«የኔ ነው፣ እማዬ። የላክሁትም እኔ ነኝ።»

እናቷ ቀኝ እጇን ያዙና ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ቆይተው ለቀቁት። ሞተሬ የሚገቡበት ጠፋቸው። ተነሥተው ወረቀቱን ከትከሻዋ በላይ አሻግረው አዩት።

«እሱ ፈርሟል» አሉ። «የቀረው ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

የእርሳሱ ጉማጅ እዚያው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር። አወጣችው። ጫፉን ወደ አባቷ ፊርማ ሥር አስጠጋች።

«የተስተካከለውን ሳላይ እንዴት ብዬ ልፈርም?» አለች።

እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ ወደ ኪሱ መለሰችው፤ ካፖርቱ እናቷ ጭን ላይ እንዳለ፣ የኪሱን ቁልፍ ቆለፈችው።