ጀርባው የቆሸሸ አይመታም

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የስምንት ሰዎች ስም ይዟል። ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ የሚጋጠምበት ስልት ተጽፏል፤ ካራቴ፣ ቦክስ፣ ጁዶ፣ ካፖኤራ፣ ጁጂትሱ። መጨረሻው መስመር ላይ «ዶሪቫል፣ ከማራዦ ደሴት» ይልና ትይዩው ላይ «ስልት የለውም» ይላል።

ዶሪቫል ፊደል የቆጠረው እየተገፋ ነው፤ ቢሆንም ስድብ ለማንበብ የሚበቃ ፊደል አላነሰውም። ሁለት ጊዜ አነበበው። ሊደግመው ሲል አጎቱ ኦታሲሊዮ ክንዱን ያዘው።

«ተወው፣ ወረቀት ነው።»

«ወረቀቱንስ በተውኩት። ይሄው ነገር ዛሬ በሬዲዮ ሊነበብ ነው እኮ፣ አጎቴ።»

እውነቱን ነው። ውድድሩን የቤሌም ከተማ ሬዲዮ ያስተላልፈዋል። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ማራዦ ላይ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ጎሽ ጠባቂው ሁሉ በየበረቱ ደጃፍ አንዲት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሬዲዮ ከቦ ይቀመጣል። እናቱ ትሰማለች፣ ወንድሞቹ ይሰማሉ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጭቃ ላይ እየጣሉ ያሳደጉት ሰዎች በሙሉ ይሰማሉ። አያቱና የአያቱ አባት ለቅዱስ ሰባስቲያን በዓል የታገሉትን ትግል አንድ የከተማ ሰው ተነሥቶ «የለም» ሲለው ሊሰሙ ነው። ዶሪቫልን ያንገበገበው ይሄ ነው እንጂ ዋንጫውስ ለፈለገው ይሁን።

አዘጋጁ ዋልዴማር በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቆርጣል። ትኬት የሚቆርጠውም፣ ውድድሩን የሚመራውም፣ በሬዲዮ የሚያስተላልፈውም እሱ ነው፤ ከመላ አካሉ ግን የሚሠራው አፉ ብቻ ነው።

«ጌታው፣ ማስታወቂያውን ማን ነው የጻፈው?» አለው ዶሪቫል።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ስምህ ተሳሳተ?»

«ስሜ ልክ ነው። ስልት የለውም የሚለው ነው ያልተስማማኝ። የኔ የማራዦ ትግል ነው።»

ዋልዴማር ከት ብሎ ሳቀ። «ልጄ፣ እሱ እኮ ከብት ስትጠብቁ ሲሰለቻችሁ የምትላፉት ነገር ነው። ቀበቶ አለው? ትምህርት ቤት አለው? የምስክር ወረቀት አለው?»

«ጭቃ አለው።»

ትኬት ሊገዙ የተሰለፉት ሳቁ፤ በማን እንደሳቁ ግን አይታወቅም። ዋልዴማር በእሱ ላይ መስሎት ፊቱ ቀላ።

«እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ካሸነፍክ ስሙን በሬዲዮ እጠራልሃለሁ። ከተሸነፍክ እንደተጻፈ ይቀራል። ተስማማህ?»

«ለምን አልስማማም!» አለ ዶሪቫል።

የማራዦ ትግል ሕጉ አጭር ነው። ሁለቱ ወደ ፊት ያስቀደሙትን እግር አገናኝተው ይያያዛሉ፤ ጀርባው ጭቃ የነካ ተሸንፏል። ያሸነፈው እጁን ዘርግቶ የወደቀውን ያነሣል። እጁን ያልዘረጋ ሰው ቢጥልም እንደጣለ አይቆጠርለትም፤ በየመንደሩ «እሱ እንኳ ገፍቶ ነው» እየተባለ ዕድሜ ልኩን ይታማል። የወደቀን መምታትማ የሚያስበውም የለ። የቤሌሙ ውድድር ሕግ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ከመንከስና ዓይን ከመጎርጎር በቀር ሁሉም ይፈቀዳል፤ የሚያበቃው አንዱ በቃኝ ሲል፣ ራሱን ሲስት ወይም ረዳቱ ፎጣ ሲወረውርለት ነው። ዶሪቫል ይሄን ሕግ ሰምቷል። እጆቹ ግን አልሰሙም።

የመጀመሪያ ተጋጣሚው ከሳኦ ፓውሎ የመጣ ቀጭን ካራቲስት ነበር። ደወሉ እንደተደወለ ዘሎ አንድ እርግጫ ጎኑ ላይ አሳረፈ። ሁለተኛውን ሳይደግም ዶሪቫል ወገቡን አቅፎ ከወለሉ ነቀለውና በጀርባው አነጠፈው። ከዚያ ፈገግ አለ። እጁን ዘረጋለት። ካራቲስቱ ከተኛበት በተረከዙ አፉን አለው።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዶሪቫል ደም እየተፋ ወደ ዳኛው ዞረ።

«ጀርባው ነክቷል እኮ!»

«አንተ ጅል!» ጮኸ አጎቱ ከማዕዘኑ። «እዚህ ጀርባ አይቆጠርም! ያዘው!»

ያዘው፤ ጣለው። አሁንም ለቀቀውና ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። በሦስተኛው አወዳደቅ ካራቲስቱ ትንፋሹ ተቆርጦ ጣሪያውን እያየ እጁን አወዛወዘ፤ በቃኝ ነው። ዶሪቫል በተሰነጠቀ ከንፈሩ እየሳቀ ደግፎ አነሣው።

ሁለተኛው ወፍራም የወደብ ቦክሰኛ ነው። እሱን ሁለት ጊዜ ጣለው። ሁለተኛው ላይ ቦክሰኛው የተዘረጋለትን እጅ አየና ትንሽ አሰበ፤ ይዞት ተነሣ፤ ከዚያ ጓንቱን ፈትቶ ለዳኛው ሰጠው። «ይሄን ሰው ቆሜ ልመታው አልቻልኩም፣ እያነሣኝማ እንዴት ልምታው?» ብሎ ወረደ። በዚያ ቀን ከታዩት ሁሉ ጨዋው እሱ ነበር፤ ስሙን ግን ማንም አልያዘለትም።

በሌላው ወገን ሄይቶር የሚባል ወጣት ካፖኤራውን በአንድ ደቂቃ፣ ጁዶውን በሁለት ደቂቃ አንቆ ጨረሰ። ጁጂትሱ ነው። ባለ ነጭ ልብስ ነው፣ የሀብታም ልጅ ነው፣ ማዕዘኑ ላይ አራት ወንድሞች ቆመውለታል፤ ከአምስቱም ተሸንፎ የሚያውቅ የለም ይባላል።

ለፍጻሜው ሩብ ሰዓት ዕረፍት ተሰጠ። ኦታሲሊዮ የወንድሙን ልጅ ከንፈር በበረዶ እየያዘ ወደ ጆሮው ተጠጋ። እሱ ራሱ በጉብዝናው ጊዜ ማራዦ ላይ የሚጥለው አልነበረም።

«ስማኝ። ያ ልጅ መውደቅን አይፈራም፤ መሬት ላይ ነው ሥራው። ሲወድቅ እንዳትለቀው። ጉልበትህን ደረቱ ላይ ተክለህ ፊቱን በለው። ይፈቀዳል።»

«ጀርባው የቆሸሸ ሰው አይመታም። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«ያስተማርኩህ ለሜዳችን ነዋ! እዚህ ግንድ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል። አገሩ ነው!»

«እሺ፣ መትቼ አሸነፍኩ እንበል። ታዲያ ምኑ ነው ያሸነፈው? ቡጢ ነው። ዋልዴማር በሬዲዮ የቡጢን ስም ይጥራልኝ?»

«ራስህ ከጎሽ ነው የተሠራው» አለና ኦታሲሊዮ በረዶውን አንሥቶ በራሱ ግንባር ላይ ያዘው።

ፍጻሜው ተጀመረ። ዶሪቫል ሄይቶርን በኮቱ ጨምድዶ በዳሌው ላይ አዙሮ ጣለው። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ልጁ ግን አልደነገጠም፤ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ሰው ዘና ብሎ በፈገግታ ከታች ወደ ላይ አየው። ዶሪቫል እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ጀርባው ወለል ነክቶ የማያፍር ሰው! ይሄን እያሰበ ሳለ እጁ ሳያማክረው ወጥቶ ተዘረጋ።

ሄይቶር በሁለት እጁ ተቀበለው። እግሮቹ እንደ መቀስ ተነሥተው አንገቱን አለፉ፣ ቀኝ ክንዱ መሃላቸው ገባ፣ ክርኑ ወደማይታጠፍበት መታጠፍ ጀመረ። አንድ ነገር ጧ አለ።

«በቃኝ በል!» አለ ሄይቶር ጥርሱን ነክሶ።

«ወግድ!»

ዶሪቫል ክንዱ ላይ የተንጠለጠለውን ልጅ እንዳለ ከወለሉ አነሣው፤ ጎሽ ከረግረግ ራሱን እንደሚያወጣ አቃሰተና መልሶ አፈረጠው። መያዣው ተፈታ። ክንዱ ግን እንደ እርጥብ ገመድ ጎኑ ላይ ተንጠለጠለ። ዶሪቫል አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያም ግራ እጁን ከሩቅ ዘረጋ።

«ጀርባህ ቆሽሿል። ተነሥ።»

«አንተ ና!» አለ ሄይቶር ተኝቶ እግሮቹን እያወናጨፈ።

«የተኛ ሰው ጋ ምን ልሠራ ልምጣ? ታመሃል እንዴ?»

«ግባበት!» ጮኸ ዳኛው። ከፊት ወንበር ፉጨት ተነሣ፤ «ፈሪ!» ያለም አለ፤ «ይሄ ካቦክሎ ጎሹን ይጠብቅ!» ያለም አለ። ከወንዝ ዳር የሚመጣን ሰው ሁሉ ካቦክሎ ብለው የሚሰድቡት የከተማ ሰዎች ናቸው። ያኔ ከላይ፣ ጀልባ ቀዛፊውና የወደብ ተሸካሚው ከሚቀመጥበት እንጨት ላይ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ሁለት!»

ሄይቶር ተነሣ። ዶሪቫል በአንድ እጁ ያዘው፤ እግሩን አስገብቶ ጣለው።

«ሦስት!» አሁን አሥር ሰው ነው።

ተነሣ፤ ወደቀ። «አራት!» በሰባተኛው ላይኛው መደዳ በሙሉ ቆሟል። በስምንተኛው ሄይቶር ፈገግታው የት እንደሄደ እንጃ። በዘጠነኛው ወንድሞቹ እርስ በርስ ይሰዳደቡ ጀመር። በየመሃሉ ዶሪቫል እጁን ከሩቅ እየዘረጋ «ተነሥ» ይለዋል፤ ልጁም የሚይዘው ነገር ስለሌለው ብቻውን ይነሣል። ዳኛው ላንቃው እስኪደርቅ «ግባበት» አለ። ወይ ፍንክች!

«አሥራ አንድ!» አለ አዳራሹ።

በአሥራ አንደኛው ግን ሄይቶር ሲወድቅ ይዞት ወደቀ። የዶሪቫል ቀኝ እጅ መሬት ልትደገፍ ወርዳ እምቢ አለች። ልጁ እንደ መዥገር ተጣብቆ ጀርባው ላይ ወጣ፣ ክንዱን በአገጩ ሥር አስገባ፣ ጨመቀ።

ዳኛው ተንበረከከ። «በእጅህ ወለሉን ነካ አድርግ፣ ይለቅሃል!»

ግራ እጁ ነጻ ናት። ወለሉም ቅርብ ነው። ዶሪቫል ማዕዘኑ ላይ ፎጣ ሊወረውር የተዘጋጀውን አጎቱን አየና «እንዳትሞክራት» በሚል ዓይን አፈጠጠበት። ከዚያ አዳራሹ እየራቀ፣ ድምፁም እየራቀ ሄደ።

ሲነቃ ኦታሲሊዮ ፊቱን በውኃ እያራሰ ያለቅሳል። ዳኛው የሄይቶርን እጅ አንሥቷል። ዋልዴማር የድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ለጥፎ ይንጫጫል።

«ውድ አድማጮቻችን፣ ጁጂትሱ አሸነፈ! ካፖኤራን አሸነፈ! ጁዶን አሸነፈ! በፍጻሜውም ጁጂትሱ...»

«ማንን?» አለ አንድ የሻከረ ድምፅ።

ዋልዴማር ዞረ። ዶሪቫል በአጎቱ ትከሻ ተደግፎ ከፊቱ ቆሟል።

«ምን ማንን?»

«በፍጻሜው ጁጂትሱ ማንን አሸነፈ?»

«አንተን ነዋ!»

«እኔ ሰው ነኝ። ካፖኤራን፣ ጁዶን ሲሉ በስማቸው ነው የጠሩት። የኔን ምን ሊሉት ነው?»

«ልጄ፣ ተስማምተን ነበር። ተሸንፈሃል።»

«ተሸንፌያለሁ፣ ማን ካደ? እንደተጻፈው ያንብቡት እንጂ። "ስልት የለውም" ነው የሚለው። ጁጂትሱ ምንም ያልሆነን ነገር አሸነፈ ይበሉ። የዚህ ልጅ ጀርባ በዚያው ምንም ባልሆነ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ ወለል ነካ ይበሉ። ይኸው ሬዲዮው፣ ይበሉ!»

ላይኛው መደዳ እንጨቱን በእግሩ እየደበደበ አሽካካ፤ ሳቁ ወደ ታች ወረደ፣ የክብር ወንበሮቹንም ያዳርስ ጀመር። የሄይቶር ታላቅ ወንድም አንገቱ ድረስ ቀላ። ዋልዴማር ላብ በላብ ሆኖ ወረቀቱን ያገላብጣል፤ ወረቀቱ ላይ የሚያድነው ነገር የለም።

ዘሎ የመጣው ሄይቶር ነው። ዳኛው አሁንም የያዘውን እጁን መንጭቆ የዋልዴማርን ኮት ጨበጠ።

«ስሙን ጥራው!»

«ሄይቶር፣ አሸንፈሃል እኮ፣ ምን...»

«"ምንም" አይደለም የጣለኝ! ጀርባዬ ይመሰክራል! እኔን "ምንም" አይጥለኝም! ስሙን ጥራው ነው የምልህ!»

ዋልዴማር ዶሪቫልን አየ፣ ሄይቶርን አየ። የተሸነፈውም ያሸነፈውም አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፤ የሚሸሽበት ማዕዘን አልቀረለትም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«በፍጻሜው... ጁጂትሱ... የማራዦን ትግል አሸነፈ» አለ በለሆሳስ።

«ጮክ ይበሉ» አለው ዶሪቫል። «ሰዎቼ ከወንዝ ማዶ ናቸው።»

ዋልዴማር ጮኸ።