በፊት ገጹ ላይ የወደቀው ሰው

ሚልኬሳ ከቦክስ መድረክ ከወረደ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ቡጢው ከአፉ አልወረደም ነበር። ቀን ቀን መሪ ሰፈር ባለች ጠባብ ጂም የኮንዶሚኒየም ጎረምሶችን ያሠለጥናል፤ ሲመሽ ብሎጉ ላይ ተቀምጦ የድሮ ግጥሚያዎቹን ይጽፋል። የማን ጥርስ እንደረገፈ፣ ማንን በስንተኛው ዙር ጉልበቱ እንደከዳው፣ የትኛው ዳኛ አይቶ እንዳላየ እንደሆነ። ጽሑፉ ለዛ ነበረው፤ አንባቢ ግን አልነበረውም።

"እንዴት ይኑርህ?" አለችው እህቱ ሰርክ፣ አንድ እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ምሳ ቀርቦ ሳለ። ሰርክ ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዋ ነው። "ጥቁር ላይ ቀይ ፊደል! የከፈተው ሰው ሁሉ መርዶ የመጣበት ይመስለዋል። ስጠኝና ላድስልህ።"

"አድሺዋ፣ ማን ከለከለሽ።"

አደሰችው። ገጹን ነጭ አደረገችው፣ ፊደሉን አጎላችው፣ የተዝረከረከውን ጽሑፍ በየፈርጁ አስቀመጠችው። ከላይ ግን ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ፎቶ ያስፈልግ ነበር። ሚልኬሳ ከአሮጌ ጋዜጣ ቆርጦ ያቆየውን አመጣላት። ፎቶው ላይ እሱ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጮኻል፤ እግሩ ሥር ጁነይድ የሚባል ቦክሰኛ ተዘርሯል፤ የዓይኑ ነጭ ብቻ ይታያል፣ ከአፉ ደምና ለሃጭ ይወርዳል።

ሰርክ ፎቶውን ስታየው ፊቷ ተኮሳተረ። "ሰውየው አለ?"

"አለ እንጂ። ካራ ሰፈር ጎሚስታ ከፍቷል።"

"አይከፋውም?"

"በዝረራ ነው ያሸነፍኩት። ውሸት አለበት?"

ልቧ እየፈራ ለጠፈችው።

ሳምንት ሳይሞላ ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞረ። ብሎጉ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን አንባቢ አገኘ፤ ሚልኬሳም ጂም ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደድ ጀመር። ካራ ላይ ግን ጎማ ሊያስለጥፉ የሚመጡ ሹፌሮች ስልካቸውን ለጁነይድ እያሳዩ ይሳሳቁ ነበር። "ጋሽ ጁነይድ፣ ጎማውንስ እርስዎ ነፉልን፤ እርስዎን ማን ይንፋዎት?" አለው አንዱ። ሌላው ፎቶውን በወረቀት አሳትሞ የሱቁ በር ላይ ለጠፈበት።

ጁነይድ ወረቀቱን ቀድዶ፣ ግራሶ የጠጣ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ጂሙ ድረስ መጣ። ጆንያ የሚደበድቡት ልጆች እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ።

"ሚልኬሳ፣ ፎቶውን አንሣው።"

"መጀመሪያ እንደምን ዋልክ ይባላል።"

"ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት። ጓደኞቿ አሳይተዋት እያለቀሰች ደወለችልኝ። አንሣው።"

ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ሚልኬሳ ባነሣው ነበር። ልጆቹ ግን ዓይናቸውን ተክለው ያዩታል። "ያልሆነ ነገር አልለጠፍኩም" አለ። "ወድቀሃል፤ የወደቀ ደግሞ ወደቀ ነው የሚባለው።"

ጁነይድ አንድ እርምጃ ተጠጋው። "ያኔ ጓንትም ዳኛም ነበረን። አሁን ሁለቱም ይቅሩብን። ነገ ጠዋት እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ና።"

"እመጣለሁ።"

ወሬው ለሰርክ ደረሳት። "ላውርደው ሚልኬ፤ አንዲት ነገር ነው የምጫነው" ብላ በስልክ ለመነችው። "ብትነኪው እህቴ አይደለሽም" ብሎ ዘጋባት።

ሲነጋ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለ ገላጣ ቦታ ተገናኙ። ጁነይድ ጃኬቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ ድንጋይ ላይ አኖረው። ከዚያ ያለ ሰላምታ መታው።

የመጀመሪያው ቡጢ የሚልኬሳን አፍንጫ ቀጭ አደረገው። ደሙ በጉሮሮው ወርዶ አነቀው። እያሳለ የጁነይድን ጎን አገኘውና ሁለቴ ደለቀው፤ ጁነይድ አቃሰተ እንጂ አልራቀም። ያን ሁሉ ዓመት መዶሻና የጎማ መፍቻ ፌሮ ሲያነሣ የኖረ ክንድ ብረት ሆኗል። ሚልኬሳ ግን ያን ሁሉ ዓመት የሰበቀው ምላሱን ነበር። በግራ ሲከላከል በቀኝ ይመጣበታል፤ በቀኝ ሲከላከል ሆዱ ይከፈትበታል። ተያይዘው ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። ሚልኬሳ ጥፍሩን የጁነይድ አንገት ላይ ተክሎ ቧጨረው፤ ጁነይድ በግንባሩ አፉን ፈጠፈጠው። ሚልኬሳ የተሰበረ ጥርሱን ከደሙ ጋር ዋጠው።

ሚልኬሳ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀረ። አንድ ጆሮው ይጮኻል፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። የመጨረሻውን ቡጢ ጠበቀ፤ አልመጣም።

ጁነይድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆሞ ነበር። "ተነሣ" አለው እያለከለከ። "የወደቀ ሰው አልመታም።"

ከዚያ ሁሉ ቡጢ ይልቅ ይህቺ ቃል ሚልኬሳን አቃጠለችው። መሬቱን ሲዳብስ እጁ ተቆርጦ የተጣለ የባሕር ዛፍ አጣና አገኘ። ይዞት ተነሣና በሙሉ ኃይሉ አሳረፈው። ጁነይድ በቀኝ ክንዱ መከተ፤ ክንዱ ከመሐል ታጠፈ፣ ነጭ አጥንት በሥጋው በኩል ብቅ አለ። ጩኸቱ ወፎቹን ከዛፍ አስነሣ። ሚልኬሳ ደገመው፤ ትከሻው ላይ። ጁነይድ በጀርባው ወደቀ። ሚልኬሳ ለሦስተኛ ጊዜ አጣናውን ከራሱ በላይ አነሣ፤ አሁን የሚያነጣጥረው ጭንቅላቱን ነበር።

ጁነይድ ዓይኑን ጨፍኖ ሸሃዳ ይል ጀመር። አልለመነም፤ ለመሞት እየተዘጋጀ ነበር።

ያኔ ነው ሚልኬሳ የያዘውን ያየው። አጣናው ከእጁ ወደቀ። አጎንብሶ የዋጠውን ደም አስታወከ። ከዚያ የጁነይድን ጃኬት ከድንጋዩ ላይ አምጥቶ ክንዱን አሰረለትና ደግፎ፣ ሲያቅተውም አዝሎ ወደ አስፋልቱ አወረደው። ለሩጫ የወጡ ሰዎች ሁለቱን ሲያዩ መንገድ ለቀው ሸሹ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አዘነላቸውና ሐኪም ቤት አደረሳቸው።

"ምን ሆነህ ነው?" አለው ሐኪሙ ጁነይድን።

"ከመኪና ላይ ወድቄ" አለ።

ሐኪሙ ዘወር ሲል ሚልኬሳ "ለምን እውነቱን አትናገርም? ልታሰር" አለው።

"በእንጨት ተደበደበ ተብሎ ደግሞ ይሳቅብኝ? ሂድ ከፊቴ።"

ሰርክ የወንድሟን ፊት ስታይ አላለቀሰችም። በጡጫ ደረቱን መታችው፤ ደጋግማ፣ እጇ እስኪዝል። "እኔንም አስነክተኸኛል" አለችው። "እጄን ደም አስነክተኸኛል።" ፎቶውን ያወረደችው ያኔውኑ ነው፤ ብሎጉንም ጨርሳ ዘጋችው። ሚልኬሳ አልከለከላትም።

የጁነይድ ክንድ ብረት ገባበት። እንደ ድሮው አይዘረጋም አሉት። ሱቁ ተዘግቶ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ሚልኬሳ እብጠቱ ባልጎደለ ፊቱ ካራ ሄደ። ጁነይድ በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ምን ፈለግህ?"

"ሱቁን ክፈተው። እጅ እሆንሃለሁ።"

"ያንተን እጅ አየሁት እኮ።" ጁነይድ ምራቁን እንትፍ አለ። ቆይቶ ግን ቁልፉን ወረወረለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚልኬሳ ጂሙን ለሌላ ሰው ትቶ ጎማ ይፈታል፣ የተበሳ ከመነዳሪ ይለጥፋል። መጀመሪያ ሰሞን ፌሮው እየተፈናጠረ ጣቱን ይቀጠቅጠው ነበር። የጁነይድ ሚስት ለባሏ ምሳ ይዛ ስትመጣ ዓይኗን አታነሣበትም፤ እሱም ባያት ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ሹፌሮቹ ነገሩ ገብቷቸዋል መሰል መቀለዱን ተዉት።

አንድ ቀን ከትልቅ ጎማ ጋር እየታገለ ሳለ ልቡ ሞላና ቀና አለ። "ጁነይድ፣ ይቅር በለኝ።"

ጁነይድ የታጠፈ ክንዱን በሌላኛው እጁ ይዞ፣ መንገድ መንገዱን አየ። ከመንገዱ ዳር የአይሱዙ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ።

"ቸርኬውን አጥብቀው" አለ ጁነይድ። "ሰውየው ቸኩሏል።"