በአክስት ካፓ ቤት ላይ የተሰቀለው ጨርቅ

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እንደ አልጋ በሚተኛበት ሰፊው የጡብ ምድጃ አናት ላይ ጋደም ብያለሁ። ተኝቷል ብለው ነው ያወሩት፣ አያቴና ጎረቤታችን ሳቬሊ። ከወሬያቸው ብዙው ጠፍቶብኛል።

«ውጡ ሲሏችሁ ምን አላችሁ?» አለ አያቴ።

«ምን እንላለን? ግድቡ አልቋል፣ ውሃው ይመጣል፣ ቤታችሁን አፍርሳችሁ ውሰዱ አሉን። እያንዳንዱን ግንድ በመጥረቢያ ምልክት አድርገን ፈታን፤ በገመድ አስረን ወንዙ ላይ ለቀቅነው። ልጄን ካፓን ከላይ አስቀመጥኳት፣ ላሟን ከጎኗ።»

«ለመሆኑ ጠይቀዋችኋል?»

ሳቬሊ የመለሰው አልተሰማኝም።

የሳቬሊ ከተማ ሉጎቮዬ ከነቤተ ክርስቲያኗ፣ ከነመቃብሯ ውሃ ሥር ቀረች። ቤቱ ግን ተንሳፍፎ መጥቶ እዚህ ዛቶንስክ፣ ቮልጋ ዳር፣ እንደገና ተገጣጥሞ ቆመ። ሳቬሊ መስኮቶቹን በሙሉ ወደ ወንዙ አዞራቸው፤ ሚስቱ የተቀበረችው ከወንዙ ሽቅብ፣ እዚያው ሉጎቮዬ ነዋ። ልጁ ካፓ ዛሬ አሮጊት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ አክስት ካፓ ይላታል። እግሯ ከከዳት ወዲህ ከቤት አትወጣም። ጠዋት ጠዋት ከሥዕለ ማርያም ፊት ትጸልይና ወንበሯን ወደ መስኮቱ ትስባለች። ውሃውን እያየች ሻይዋን ትጠጣለች። ከዓለም የቀራት ይህ ነው።

የከተማችንን ጠባይ ግን ሳልናገር አላልፍም። ዛቶንስክ ፊቷን የምትታጠበው በመርከብ ለሚያልፍ ሰው ነው። ጎታቾች ገመድ በደረታቸው አድርገው የስንዴ ጀልባ በሚጎትቱበት ዘመን፣ ነጋዴዎቿ ግድግዳቸውን በወንዙ በኩል ብቻ ነጭ ይቀቡ ነበር። ጎታቾቹ በሚያድሩበት በጓሮ በኩል ግን እንደጠቆረ ይኖር ነበር። በጥንት ጊዜ አንዲት እቴጌ በመርከብ ባለፉ ጊዜም አጥሩ የተቀባው በአንድ ወገን ነው ይባላል። ንጉሥ ሄደ፣ ቀይ ባንዲራ መጣ፣ እሱም ወረደ። ቀለሙ ግን ዛሬም በአንድ ወገን ነው።

ዘንድሮ ለከተማዋ በዓል ከሞስኮ ትልቅ ሰው በነጭ መርከብ ይመጣል ተባለ። የወንዝ ዳር የእንጨት ቤቶቻችን ጣሪያ ያፈሳል፤ ስንት ጊዜ አመልክተናል። ጠጋኝ አልመጣም። የመጣው ጨርቅ ነው። አዲስ ቤት የታተመበት ሰፊ የፕላስቲክ ጨርቅ፦ ነጭ መስኮት፣ ቀይ አበባ፣ መስኮቱ ላይ የተጋደመች ድመት። በአክስት ካፓ ቤት ላይ ከጣሪያ እስከ መሬት ዘረጉት። እውነተኞቹ መስኮቶች ከኋላው ተዳፈኑ።

ወደ አስተዳደሩ ሄድኩ። የበዓሉ ኃላፊ ኤድዋርድ ቪክቶሮቪች ተቀበለኝ፤ ወንበር እንኳ ሰጥቶኛል።

«አሮጊቷ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች» አልኩት።

«መብራት የላትም እንዴ?»

«አላት።»

«ታዲያ ታብራ።»

«በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ?»

«አይ ፕሮኮፒ ዳኒሎቪች፣ እርስዎም። ደግሞ ቤቱ አምሮበታል፤ ደስ ሊላት ይገባል።»

ተነሥቼ ወጣሁ። በመንገድ ላይ እግዚአብሔር ቁጣዬን እንዲያበርድልኝ ለመንኩ። አልበረደልኝም። በቀጥታ ቢላ ይዤ አክስት ካፓ ቤት ገባሁ።

«አስቀምጠው» አለችኝ። «አንተ ብትቀደው፣ አሮጊቷ የመንግሥት ንብረት አጠፋች ይሉና ጥፋቱ የኔ ይሆናል። የሰቀለው ሰው ያውርደው።»

በበዓሉ ዋዜማ ነፋስ የጨርቁን ጥግ ስለፈታው ሊያስር የመጣው ያው የሰቀለው ሰው ነበር። ገርማን ይባላል፤ በገመድ ተንጠልጥሎ ፎቅ የሚቀባ ጎልማሳ። ሻይ ጠጣ ብዬ አክስት ካፓ ዘንድ አስገባሁት። እንደገባ በርጩማ አደናቀፈው።

«አክስቴ፣ ምነው አምፖል አያበሩም?»

«ፀሐይ ወጥታ? ገና አላበድኩም። ድመቷን የሰጠኸኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ሰቃይ ብቻ ነኝ። ድመቷን ሌላ ሰው ነው የሳላት።»

«ወተቷንስ ማን ያመጣል?»

ገርማን ሳቀ፤ እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ተወው። አክስት ካፓ መስኮቱን ከፈተች። የጨርቁ ጀርባ ግራጫ ነበር፤ የቀለም ሽታ ቤቱን ሞላው።

«እናቴ ከወንዙ ሽቅብ፣ ከውሃው ሥር ናት» አለችው። «ያኔ ሳይጠይቁን ውሃ ለቀቁባት። አሁን ደግሞ ውሃውን ራሱን ከለከሉኝ። እስቲ ሌላ የሚወስዱብኝ ምን ቀረ? አንተው ንገረኝ።»

ገርማን እጁን ሰዶ ጨርቁን ነካ ነካ አደረገው።

«ከሥራ ያባርሩኛል፣ አክስቴ።»

«ያባርሩህ ይሆናል።» አላባበለችውም።

«ሲመሽ መጥቼ ገመዱን ላላላው? ነፋስ ጣለው እንላለን።»

«ነፋሱ ምን በደለ? በቀን ነው የሰቀልከው፤ በቀን አውርደው።»

«ነገ እኮ መርከቡ እኩለ ቀን ላይ ይቆማል። ሹሙ ሁሉ ወንዝ ዳር ነው።»

«እንግዲያው እኩለ ቀን ላይ።»

ገርማን የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ ጭላጩ ጠጣ፤ ብርጭቆውን በጨለማው ውስጥ ጠረጴዛውን ዳብሶ አስቀመጠ።

«እሺ» አለ። «መርከቡ እንደቆመ መጥቼ አወርደዋለሁ። ግን ፕሮኮፒ ዳኒሎቪች መሰላሉን ይያዙልኝ።»

እሺ አልኩት።