አበባዋ የነበረችበት ጋዜጣ

ረቢያ ከማንኪራ ጫካ ያመጣቻትን ሐረግ ከነአበባዋ በጋዜጣ መሃል ዘርግታ፣ ካርቶን ደርባ፣ ቦንጋ ባለው የአባቷ ሱቅ ከሩዝ ኬሻ ሥር አስቀምጣት ነበር፤ ተጭና እንድትደርቅ። እንደ ቡና ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የቆሙትን ቅጠሎች አይታ «የቡና ቤተሰብ ሳትሆን አትቀርም» ብላ በመለያ ወረቀቷ ላይ በእርሳስ ጽፋለች። ዝርያዋን ለመለየት ግን አበባዋ ያስፈልጋል። ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ወዳለው የዕፅዋት ቤተ መዘክር የሚሄድ መኪና አለ።

ኬሻውን ስታነሳ ካርቶኑ ብቻውን ተኝቷል።

«አባዬ፣ እዚህ የነበረው ጋዜጣስ?»

«አሮጌው? ለጉግሳ ሚስማር ጠቀለልኩበት፤ ለማንኪራው ንብ አናቢ» አሉ አባቷ ጀማሉዲን። «ምነው፣ ሳታነቢው ነው?»

ረቢያ መጮህ አታውቅም። ጫማዋን ቀይራ ሞተር ተሳፈረች።

ጋሽ ጉግሳ ደጃቸው ላይ ቆርቆሮ ሲመቱ አገኘቻቸው። ነገሩን ስትነግራቸው መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«አዬ ልጄ! ቅጠሉንም ጋዜጣውንም ፍየሏ ጨርሳዋለች።»

የረቢያ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አበባው ግን ነጭ ነበር? የቡና አበባ የሚሸት?» ሲሉ ጠየቋት።

«እንዴት አወቁ?»

«ሚስማሩ ሸቶኝ! ሚስቴን ‹ጀማሉዲን ሚስማር ሽቶ መቀባት ጀመረ› አልኳት።» ሳቁ። «ያቺን እኮ ንቦቼ ያውቋታል። እኛም የቡና እህት ነው የምንላት። ነይ።»

ቀፏቸው የተሰቀለበት ዛፍ ጫፍ ላይ ሐረጓ ነጭ በነጭ ሆናለች። እዚያ ከፍታ ላይ ከንብ በቀር ልብ ብሎ የሚያያት የለም። ጋሽ ጉግሳ በገመድ ወጥተው አንድ ዘለላ ወረወሩላት። ረቢያ በማጉያ መነጽሯ አየች፤ ከዚያ ብቻዋን ፈገግ አለች። መጽሐፍ ያላሳያቸው ሰዎች የሐረጓ ዘመድ ቡና መሆኑን ቀድመው አውቀዋል።

በመለያ ወረቀቱ ላይ «የአካባቢ ስም» ከሚለው ጎን «የቡና እህት» ብላ ጻፈች። «ናሙና ሰብሳቢ» በሚለው ቦታ ከስሟ ቀጥሎ የጋሽ ጉግሳን ስም ጨመረች።

ሱቅ ስትመለስ አባቷ ሁሉንም ሰሙ።

«አዲስ ዝርያ ከሆነች ጀማሉዲን በሏት።»

«አዲስ መሆኗ ገና አልታወቀም፤ ደግሞ ሰው በራሱ ስም መሰየም ነውር ነው።»

«የምትሰይሚው አንቺ! እኔ መቼ ልሰይም አልኩ?»

ዘለላዋን በአዲስ ጋዜጣ መሃል ዘርግታ ካርቶን ደረበችበት። ኬሻ ስትፈልግ አባቷ ቀድመዋት ሄደው ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። እስኪመሽም አልተነሱም፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ስኳሩ እዚያ ነው፣ ራስህ አንሳ፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ይሉ ነበር።