ቤንዚን የረሳው ሻምፒዮን

«ቤንዚን መክፈት የረሳ ሰው ሻምፒዮን አይባልም፤ በቃ» አሉ ጋሽ ወልደየሱስ ካርታውን እየበወዙ።

«እዚሁ ድንኳኑ ውስጥ? ተሰማ በተቀበረ በነጋታው?» አለ ሀይረዲን።

«ምን አልኩ? የፋብሪካ ፈረቃዬን እያስቀየርኩ ሃያ ዓመት ሙሉ የሞተር ውድድሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ግን በጊዜ ማቆም ነበረበት። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ከልጆች ጋር አቧራ ለአቧራ መሯሯጥ ምን ይሉታል?»

«አራት ዋንጫ አለው፣ ጋሽ ወልዴ።» ሀይረዲን ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ የሞተር መለዋወጫ ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ ከካዕባው ፎቶ ዝቅ ብሎ የተሰማ ፎቶ ተሰቅሏል።

«አራቱንም ያን ቀን አጠፋቸዋ። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። ቤንዚን ሳይከፍት ወጣ፣ አንድ ዙር ሄደ፣ ሞተሩ ጠፋበት፣ እየገፋ ገባ። ጭንቅላቱ ከድቶታል።»

የሟች ልጅ ሶሊያና ንፍሮ ይዛ ከሸራው ጀርባ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰማች። ስትገባ ካርታውን አስቀመጡ። ጋሽ ወልደየሱስ እፍኝ ንፍሮ ዘገኑ።

«አይዞሽ ሶሊዬ። አባትሽ ጀግና ነበር።»

«አዎ» አለች። ፊቷ ነደደ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ውድድሩ ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ነው፤ የክፍሏ ልጆች በሙሉ መጥተዋል። የአባቷ የቆዳ ልብስ ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ሶሊ፣ ያ ሽማግሌ ያንቺ ፋዘር ነው እንዴ?» አላት አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ያዢልኝ» አላት አባቷ፣ ጓንቱን ሊያጠልቅ። ሞተሩ ተነስቶ ይንደቀደቃል። እጇ ሄደ። ከሳልባትዮው፣ ከቤንዚን ጋኑ ስር ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ጠምዝዛ ዘጋቻት። የት እንዳለች በስድስት ዓመቷ ያሳያት ራሱ ነው። መነሻው ላይ ይጠፋል፣ ሳይሳቅበት ቤቱ ይገባል ብላ ነበር።

አልጠፋም። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን አንድ ዙር አስኬደው። ያንኑ አንድ ዙር ደግሞ አባቷ መራው። ሲስቁ የነበሩት ልጆች «ተሴ፣ ተሴ» ማለት ጀመሩ። ሞተሩ የጠፋው ልክ ፊታቸው ሲደርስ ነው።

አባቷ እጁን ወደ ታች ሰደደ። መዝጊያዋን ነካ፤ ተዘግታለች። መክፈት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ግን አልከፈተም። ቀና ብሎ ከሰው መሀል እሷን ፈለገ፤ አገኛት። እሷ ጫማዋን አየች። ቀና ስትል ሞተሩን እየገፋ ነበር።

ማታ እናቷ ወርቅውሃ «ምን ነካህ?» ስትለው «ቤንዚን መክፈት ረሳሁ። አረጀሁ መሰለኝ» አለ። ቀጥሎ «ለሶሊ ወጥ ጨምሪላት» አለ። ከዚያ ወዲያ ተወዳድሮ አያውቅም።

የሰፈሩ ታክሲ ተራ ላይ ግን ወያላዎቹ በየቀኑ «ጋሼ፣ ዛሬ ቤንዚን ከፍተዋል?» ይሉታል። ይስቃል። አብራው ስትሆን እሷም ትስቅ ነበር።

በለቅሶው በዚያው ዕለት ማታ ጃለታ መጣ፤ ያኔ በውድድሩ ዋንጫውን የወሰደው። እሱም አሁን ጸጉሩ ሸሽቷል። ከወርቅውሃ እግር ስር ቁጭ አለ።

«እትዬ ወርቅውሃ፣ አልደርስበትም ነበር እኮ። ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት። ዋንጫውን ስቀበል አፍሬ ነው።»

«እሱ ረሳሁ ነው ያለኝ» አለች ወርቅውሃ። «እኔ ግን ይገርመኛል። የእድር ቀን እንኳ የሚያስታውሰኝ እሱ ነበር።» ይህን ስትል ያየችው ጃለታን አልነበረም።

ሶሊያና ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች። አሁን ልናገር አለች። ማጠብ ጀመረች። አጥባ ስትጨርስ ጃለታ ሄዷል።

በሠልስቱ ጠዋት ሀይረዲን ሰላሳ የሚሆኑ ሞተረኞች አስከትሎ መጣ። የተሰማን ሞተር ከፊት አድርገው እስከ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ይቆማል። ተሰማ እሁድ እሁድ ያስነሳዋል፣ አጠገቡ ቆሞ ያዳምጠዋል፣ ያጠፋዋል፣ ቤንዚኑን ይዘጋል። የትም አይሄድበትም።

ጃለታ ወጣበት። ሦስቴ ረገጠው፤ በአራተኛው ተነሳ። ሴቶቹ አለቀሱ። ሞተሩ ከግቢው በር ሳይወጣ ጠፋ።

«ዛሬም ረሳ» አለ አንዱ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ። ሁለት ሦስት ሰው አፉን ያዘ። ጋሽ ወልደየሱስ እንኳ ፈገግታቸውን ሊደብቁ ወደ መሬት አዩ።

ሶሊያና ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣች። ጃለታ ካንዴላውን ይነካካል። አጎነበሰች። እጇ ሳይፈልግ የመዝጊያዋን ቦታ አገኘው።

«አባዬ አልረሳም» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰሙት። «ያን ቀን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አፍሬበት። ማን እንደዘጋው ያውቅ ነበር።»

ጋሽ ወልደየሱስ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አውልቀው ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ወርቅውሃ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ጃለታ ከላይ ሆኖ አያት።

«ክፈቺዋ» አለ።

ጠመዘዘቻት። ረገጠው፤ ተነሳ። ሰላሳው ሞተር ተከትሎ ተነሳ። ግቢው በጭስ ተሞላ።

ሶሊያና አልተነሳችም። ጃለታም አልሄደም። እንዳጎነበሰች ጣቶቿን መዝጊያዋ ላይ አድርጋ ቀረች፣ ተመልሳ እንዳትዘጋ የያዘቻት ይመስል።