«እኔን» የተከለከለበት ምንጣፍ

፩

«እኔን!» አልኩ፤ እጄንም አወረድኩ።

ከዚያ ጣሪያውን አየሁ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ዳኛው በላዬ ቆሞ በኮሪያኛ ይቆጥራል። ከምንጣፉ ዳር አሰልጣኛችን ማስተር አበራሽ «የዝና! ተነሺ! የዝና!» ትላለች። የዝና እኔ ነኝ። ሰምቻታለሁ። ትንሽ ብታገል መነሳትም የምችል ይመስለኛል። ግን ጀርባዬ ከስንት ጊዜ በኋላ በቀን ብርሃን ጋደም ማለቱ ነው፤ ልቀሰቅሰው አልፈለግሁም።

፪

ከመሃል ስለጀመርኩ ይቅርታ። በቅደም ተከተል መጻፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። ስለዚህ ቁርጥራጩን ቁጥር እየለጠፍኩ አስቀምጥልሻለሁ፤ መስፋቱ ያንቺ ሥራ ነው። አንቺ የምልሽ አንባቢዋን ነው። ወንድ ከሆንክ ቻለው። እኛም ስንቱን ችለናል።

ነገሩ ይህ ነው። የሴቶች ቴኳንዶ ቡድን ለውድድር ወደ ውጭ ሊሄድ ነው። ከየክብደቱ አንዲት ሴት ብቻ ትመረጣለች። በእኔ ክብደት ሁለት ነን፤ እኔና መኪያ። እኔ እስከ ዛሬ በገባሁበት ካምፕ ሁሉ ተጠባባቂ ነበርኩ።*

* ተጠባባቂ፦ ሌሎቹ እንዲመቱ ፓድ የምትይዝ፣ ውሃ የምታቀብል፣ ቡድኑ ሲሸኝ እጇን የምታውለበልብ፣ ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍራ ቤቷ የምትገባ። ቤት ስትደርስ «እንዴት ነበር?» ይሏታል። «ጥሩ ነበር» ትላለች።

፫

ካምፑ ደብረ ብርሃን ነው። ክረምት ስለሆነ ተማሪ የለም፤ ትምህርት ቤቱን ለእኛ ሰጡን። አዳራሹ ውስጥ እንለማመዳለን፣ ሰባተኛ «ለ» ክፍል ውስጥ እንተኛለን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የክፍል አለቃው የጻፈው የረባሾች ስም እስካሁን አልጠፋም። የገባን ዕለት መኪያ ከመሬት የጠመኔ ስባሪ አንስታ ከስሞቹ ሥር «የዝና» ብላ ጨመረች።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«ታንኮራፊያለሽ። ወላሂ፣ እኛ ቤት ኮምቦልቻ ድረስ ይሰማል።»

የቀኑ ፕሮግራም፦

ሩጫ።

ቁርስ።

እርግጫ።

ምሳ።

እርግጫ።

ብርድ።

፬

ማስተር አበራሽ አዳራሹ በር ላይ የለጠፈችው ወረቀት፦

ምንጣፍ ላይ የተከለከሉ ቃላት

እኔን

አይዞሽ

በሞትኩት

እኔ ልደፋልሽ

ይቅርታ

አብሽሪ (ይህ ለመኪያ ነው)

ትርጉማቸውን ላንቺ አላብራራም። መንገድ ላይ ስትደናቀፊ ከኋላሽ ያለች የማታውቂያት ሴትዮ ሳትቀር «እኔን!» ትልሻለች፤ ሕመሙ ወደ እኔ ይዙር ማለቷ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ አንድ ቀን ይቅርብን ብዬ አላውቅም። ችግሩ የእኛ ሥራ ሰው መምታት መሆኑ ነው። ደህና አድርገን እንመታለን። የተመታችው ፊቷን ካጨማደደች ግን አፋችን ይከፈታል፣ እጃችን ይወርዳል፣ አንድ እርምጃ ጠጋ እንላለን። ዳኛው ገና «አቁሙ» አላለም።

ባለፈው ውጭ የሄደችው ልጃችን እየመራች ሳለ የተሸነፈችው በዚሁ ነው። ተጋጣሚዋ ወገቧን ይዛ ስታቃስት «አይዞሽ» ልትላት ተጠጋች። ተጋጣሚዋ አማርኛ አትሰማም፤ መልሷ ግን ፈጣን ነበር። ማስተር አበራሽ ከዚያ ጉዞ እንደተመለሰች ወረቀቱን ጻፈች። ከተከለከሉት አንዱን ምንጣፍ ላይ የተነፈሰች ሴት ክንዷ እስኪከዳት ፑሽ አፕ ትሠራለች። የሁላችንም ክንድ በጣም ጠንክሯል።

፭

መኪያ ሃያ ዓመቷ ነው። እግሯ ረጅም ነው፣ ፈጣን ናት፣ ሻይዋ ላይ ስኳር ትከምራለች፣ ለሁሉም ነገር ወላሂ ትላለች። ሾርባው ጨው በዝቶበታል፣ ወላሂ። ዛሬ ፀሐይ ትወጣለች፣ ወላሂ። የአሸዋ ጆንያውን ጠንከር አድርጋ ከመታችው ማንም ሳያያት ዳበስ ታደርገዋለች። የ«እኔን» በሽታ ከሁላችንም እሷ ላይ ይጠናል።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ማስተር አበራሽ ጠራችኝ። እሷና እኔ አብረን ነው የጀመርነው፤ ማስተር የምላት ሰው ፊት ብቻ ነው።

«የዝና፣ አንቺ ትልቋ ነሽ። አብራችሁ ትተኛላችሁ። ይህን ነገር አስለቅቂያት።»

«ቦታውን የምትሻማኝ እኮ እሷ ናት።»

«አውቃለሁ። የምትሄደው ማንም ትሁን፣ ይህን ይዛ እንድትሄድ አልፈልግም።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ከመከራከር ያነሰ ጉልበት ይፈጃል።

፮

ይህ ቁጥር ዕረፍት ላይ ነው።

፯

ሰባተኛ «ለ»፣ ከምሳ በኋላ። ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተዋል። የዝና በአንድ እጇ ነጠላ ጫማ ይዛለች።

የዝና፦ ምቺኝ።

መኪያ፦ (ትመታለች።)

የዝና፦ ውይ፣ ጉልበቴን!

መኪያ፦ እኔን! አብሽሪ፣ የቱ ጋ ነው የ...

የዝና፦ (ጭኗን በነጠላ ጫማው ቸብ ታደርጋታለች።)

መኪያ፦ አንቺ! የእውነት አሞሽ መስሎኝ እኮ ነው!

የዝና፦ ይምሰልሽ። እጅሽ ብቻ አይውረድ። እንደገና።

መኪያ፦ የእውነት ቢያምሽስ?

የዝና፦ ዳኛ አለ፣ ሐኪም አለ። የሚያዝንልኝ ሰው ሞልቷል። አንቺ ሌላ ሥራ አለሽ።

መኪያ፦ ጨካኝ ነሽ፣ ወላሂ።

የዝና፦ እንደገና።

እንደገና።

እንደገና።

ቀን በቀን እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ እጇ መውረዱን ተወ፤ አፏ ግን «እኔን» ማለቱን ቀጠለ። ከዚያ አፏም ተወ። ስወድቅ ዝም ብላ ከላይ ያየችኝ ቀን «ጎበዝ» አልኳትና ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ።

፰

የተጎዳሽ ለመምሰል (መኪያ «አሁን ደግሞ እኔ ላስመስልና አንቺ ተፈተኚ» ባለችኝ ጊዜ በቃል የሰጠኋት)

ቀኝ ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ።

አትጩኺ። የባሰበት ሰው አይጮኽም፤ ትንፋሹን ይይዛል።

አንድ እጅሽን ብቻ ወደ ጉልበትሽ ላኪ። ሌላው ይጠብቅ።

የእውነት ሲያምሽ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ፤ አይቼሻለሁ። አሁን አትጨፍኚ። የተጋጣሚሽን እጅ እዪ፤ ፊቷን አትዪ። ፊቷን ካየሽ ታዝኚያለሽ።

እጇ ሲወርድ፣ ያኔ።

ለተቀናቃኝሽ ይህን ለምን ታስተምሪያለሽ ትዪኝ ይሆናል። በደንብ ካላስመሰለች እኔ አልድንም ብዬ ነው። ለካ እኔም ታማሚ ነኝ። እሷ አጎንብሳ ትንፋሿን በያዘች ቁጥር፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ እጄ ይወርዳል። እሷ እየሳቀች በነጠላ ጫማው ትቀጣኛለች። በማግስቱ ደግሞ ይወርዳል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

፱

ከመኪያ ጋር ከነበረኝ የምርጫ ግጥሚያ በፊት አበራሽን የውሃ ጋኑ አጠገብ አገኘኋትና እንዲህ ተባባልን።

«ይኼኛው ካልሆነ በቃኝ» አልኳት። «ተጠባባቂ ብላችሁ እንዳትጽፉኝ። ወደ ቤቴ እገባለሁ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ትያለሽ።»

«ሁልጊዜ ሠላሳ አላለፈኝም ነበር። ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ይንቋቋል፣ አበራሽ።»

ኩባያውን ሞልታ ሰጠችኝ። «ታሸንፊያታለሽ። በልምድ ትበልጫታለሽ።»

መሄድ እፈልጋለሁ። እንዲህ ጥርት አድርጌ ጽፌው አላውቅም። አንዲት ጊዜ እንኳ ፓድ የምትይዘው ሌላ ሴት ትሁን፣ የምሸኘው እኔ ልሁን። ስመለስ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ የምናገረው ነገር ይኑረኝ።

፲

ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት ዋና ዳኛው ደንብ አነበበ። መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሕመም ያስመሰለች ነጥቧ ይሰረዛል፣ ከካምፑም ትሰናበታለች» አለ። እኔና መኪያ አልተያየንም። ተያይተን ቢሆን ሳቅ ያመልጠን ነበር። ክፍላችን ውስጥ የምንሠራው እጃችንን ለመግራት እንጂ ለግጥሚያ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

እየመራሁ ነበር። እመኚኝ፣ እየመራሁ ነበር። የመጨረሻው ዙር ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። እሷ ታጠቃለች፣ እኔ ዞር እላለሁ፣ አንድ እመታለሁ፣ ደግሞ ዞር እላለሁ። ያረጀ ሰው እንደዚህ ነው የሚጫወተው። ከዚያ እግሬ ስቶ ጉልበቷን ነካው፤ ጠንካራ አልነበረም።

አጎነበሰች።

ቀኝ ጉልበት። አንድ እጅ። ጩኸት የለም።

«ይህ እኮ ያንቺው ትምህርት ነው» አለኝ አእምሮዬ። አፌ ግን አልጠበቀውም።

(ቁጥር ፩ን አምጥተሽ እዚህ ስፊው።)

፲፩

ዓይኗ ክፍት ነበር። የሚያየውም እጄን ነበር።

ስነሳ ጭንቅላቴ ላይ በረዶ ይዛ የመጣችው አበራሽ ናት። መኪያ የራስ መከላከያዋን ሳታወልቅ ጥግ ላይ ቆማለች። አልተጠጋችም። ሴቶቹ ሁሉ «እኔን፣ እኔን» እያሉ ሲከቡኝ እሷ ብቻ ዝም አለች። ልክ እንዳስተማርኳት።

ተናደድኩ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ኩራት ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ነበር። እንዲህ ያለ ንጹሕ እርግጫ ከእሷ አይቼ አላውቅም። ከሁሉም ሥር ኀዘን ነበር። የምታዝነዋን መኪያን በነጠላ ጫማ እየመታሁ ያባረርኳት እኔ ነኝ።

፲፪

የመምህራን ማረፊያ ክፍል። ዋና ዳኛው፣ ማስተር አበራሽ፣ መኪያ፣ የዝና።

ዋና ዳኛው፦ መኪያ፣ ጉልበትሽን የእውነት አሞሽ ነበር?

መኪያ፦ አሞኝ ነበር።

(ወላሂ አላለችም። ለጨውም ለፀሐይም የምትለውን አላለችም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።)

ዋና ዳኛው፦ ሐኪሙ ጉልበቷን ነካክቶ ምንም አላገኘሁም ብሏል። ምንም ባይገኝም ሊያማት ይችላል፣ አልፈርድም። እኛ ዳኞቹ ጀርባዋን ነው ያየነው። ፊት ለፊቷ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ የዝና። አሟት ነበር ወይስ አስመስላ ነው? ያልሽውን እንቀበላለን።

ማስተር አበራሽ፦ ትንሽ ጊዜ ይስጧት፤ ጭንቅላቷን ነው የተመታችው።

ዋና ዳኛው፦ ትውሰድ።

ወሰድኩ። አስመስላ ነው ካልኩ እሷ ወደ ኮምቦልቻ ትሰናበታለች፣ እኔ ከቡድኑ ጋር እሄዳለሁ፤ እውነቱም እሱ ነው። አሟት ነበር ካልኩ እሷ ትሄዳለች፣ እኔ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ውሸቱንም ይዤው እገባለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱም በላይ የፈለግሁት መተኛት ነበር።

መኪያ ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ያየችው ፊቴን ነው።

ዋና ዳኛው፦ እህሳ?

የዝና፦ 

፲፫

በካምፑ ደንብ፣ ተሰናብታም ሆነ በቃኝ ብላ የምትወጣ ሴት ፍራሿን ራሷ ጠቅልላ ለዘበኛው ታስረክባለች።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሁለታችንም ሰባተኛ «ለ» ገባን። አንደኛዋ ተንበርክካ ፍራሿን መጠቅለል ጀመረች። የስፖንጅ ፍራሽ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ ከዚህ ስትጫኚው ከዚያ ይፈታል። ሁለት ጊዜ ተፈታባት። ሌላኛዋ ግድግዳውን ተደግፋ ስታያት ቆየች። ከዚያ መጥታ ከጎኗ ተንበረከከችና ፍራሹን በሁለት ጉልበቷ ተጫነችው።

«ጠላሽኝ?» አለች የምትጠቀልለዋ፣ ቀና ሳትል።

«ገመዱን አቀብዪኝ» አለች ሌላኛዋ።

ስሞቹን እኔ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ቁጭ ብዬ ብዙ ሞክሬያለሁ። አንቺ ጻፊያቸው።

የጠቀለለችው፦

ገመዱን ያሰረችው፦